የአክስቴ ፒያኖ

የልጅ ልጄ ዓባይ ማዶ ካለ ጋራዥ ባጃጅ ይጠግናል። ቤት ሲገባ ሚስቱ "መጀመሪያ ታጠብ፣ ግራሶ ግራሶ ትሸታለህ" እያለች በር ላይ ታስቆመዋለች። እኔ ግን ሽታውን እወደዋለሁ። ግራሶ ሲሸተኝ እርጥብ የበቆሎ ቅጠልና የሐይቅ ዳር ጭቃ አብሮ ይሸተኛል፤ አክስቴ ዘይነባ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ መዘውር ስታዞር ትታየኛለች። ይኸን ለቤት ሰው ስናገር "አሁን ደግሞ ዘይነባ መጣች" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ትመጣለች።

ጊዜው ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር የተጣላበት ክረምት ነው። እኔ የወተት ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርሁ። ባሕር ዳር ያኔ ገና ከተማ አልሆነችም፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጥቂት የሣር ቤቶች፣ ሐይቁ ዳር የኛ የእስላሞቹ መንደር፣ ከመንደራችን ከፍ ብሎ ደግሞ የጣልያን ካምፕ ነበር። እናትና አባቴ በአንድ በሽታ ተከታትለው ስለሞቱ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ዘይነባ ናት። አያቴ አባባ እድሪስ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራሉ። አክስቴ ዓሣ ታደርቃለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የመምሬ ተሰማን መሬት በእኩል ይዛ በቆሎ ትዘራለች። መምሬ ተሰማ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ናቸው። መሬቱ የሳቸው፣ ጉልበቱ የሷ፣ በቆሎው የሁለቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምንበላው ከዚያ ማሳ ነበር።

አክስቴ አዲስ ዕቃ ካየች ሳትነካካው አታልፍም። ሌሎቹ ሴቶች ከወታደሮቹ ዘንድ ሳሙናና ጨርቅ ይፈልጋሉ፤ እሷ የምትፈልገው የሚሽከረከር፣ የሚዘጋና የሚከፈት ነገር ነው። አንዲት የእጅ ባትሪ ነበረቻት፤ ጨበጥ ለቀቅ ሲያደርጓት ጥዝዝ እያለች የምታበራ። ውስጧ ንብ ያለች፣ ስትናደድ ዓይኗ የሚበራ ይመስለኝ ነበር። ጣሳ የምትከፍት ጥርሳም ብረትም ነበረቻት፤ የሚከፈት ጣሳ ስላልነበረን የዓሣ ቅርፊት ትፍቅባት ነበር። ከአሮጌ የወታደር ጃኬት ላይ ዚፕ ፈትታ በአባባ እድሪስ የመቁጠሪያ ከረጢት ላይ ሰፋችላቸው። አባባ መጀመሪያ "ይኸ የሰይጣን ጥርስ ነው" ብለው ተቆጡ። በሳምንቱ አርብ መስጊድ ተቀምጠው ዝዝ፣ ዝዝ እያደረጉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኢማሙ ዘወር ብለው አዩዋቸው።

እነዚህን ዕቃዎች የሚያመጣላት ቤፔ ነው። ቤፔ ወደ ጎርጎራ የሚመላለሱትን የሞተር ጀልባዎች የሚጠግን ጣልያን ነበር፤ ቀጭን፣ ጆሮው ሰፊ፣ እስከ ክርኑ ድረስ ግራሶ የተለቀለቀ። የአክስቴን የደረቀ ዓሣ በበርበሬ ይወድዳል። እየበላ እንባው ይወርዳል፤ እንባውን እየጠረገ "ዓሣ ጥሩ! ዓሣ ጥሩ!" ይላል። ከአማርኛ የሚያውቀው ይኸንና ጥቂት ሌላ ነው።

ካምፑ ውስጥ በዚያ ክረምት አንድ ድምፅ ተጀመረ። ከሆድ ይነሳና እያደገ፣ እያደገ ሄዶ ጆሮ ሊበጥስ ሲደርስ እያቃሰተ ተመልሶ ይወርዳል። አሁን ሳይረን የሚሉት ነው፤ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቢመጣ ወታደሩ ጉድጓድ እንዲገባ ይለማመዱበት ነበር። እኔ ግን ጥጃዋን የነጠቋት ላም አስረው የሚያስለቅሱ መሰለኝ። ለእኩዮቼ እንዲያ ብዬ አስረዳኋቸው፤ አንዳቸውም አልተጠራጠሩም።

ከዚያ በመብራት ኃይል የሚጮህ አዲስ ሳይረን መጣና የካምፑ ግንብ ላይ ተሰቀለ። አሮጌው፣ በእጅ የሚዞረው፣ ጀልባዎቹ በሚቆሙበት ዳር ከአሮጌ ብረት ጋር ተጣለ። አክስቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ አየችው። እንስራዋን አስቀመጠችና ዙሪያውን ዞረችው። ባለ ሦስት እግር ነው፤ ሆዱ ክብ፣ ጎኑ በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ፣ በአንድ በኩል እንደ እጅ ወፍጮ ያለ መዘውር ያለው።

"ይኸ" አለች፣ "ጉማሬውን ያባርርልናል።"

ጉማሬው የዚያ ክረምት መከራችን ነበር። አንድ ጆሮው የተቀደደ ኮርማ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከሐይቁ ይወጣና እንደ ባለቤት እየተንጎማለለ ማሳችን ውስጥ ይገባል። የበላው ሳያንስ የረገጠው ይበልጣል። ጣሳ መታን፣ እሳት አነደድን፣ መምሬ ተሰማ ጠበል ረጩ። ጆሮውን አራግፎ መብላቱን ቀጠለ። ድሮ ቢሆን የመንደራችን ወንዶች በጦር ያባርሩት ነበር፤ ጦሩን ግን ጣልያን ሰብስቦ ወስዶታል። የማሳው ሲሶ በሐምሌ አለቀ።

አክስቴ ቤፔን ጠራችውና ጉንጮቿን ነፍታ፣ በእጅና በእግሯ እየዳኸች፣ የሌለ በቆሎ እያላመጠች ጉማሬ ሆነችለት። ቤፔ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ መዘውሩን የምታዞር መሰለችና በጉማሬው ምትክ ሮጠች። ገባው። ወደ አባባ እድሪስ ታንኳ አመለከተ። ለካስ ያ ሁሉ የሞተር ጀልባ በእጁ ያለ ሰው የሚመኘው የደንገል ታንኳ ኖሯል! አባባ አዲስ ታንኳ ሠርተው ሰጡት። ቤፔ በላዩ ሲቀመጥ ተገለበጠ፤ ወጣ፤ እንደገና ተገለበጠ። እንዲያ ደስ ብሎት የሚሰምጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሳይረኑን ሲያስረክባት ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ እጁን በዝግታ እያዞረ "ፒያኖ! ፒያኖ፣ ፒያኖ!" አላት።

"ስሙ ፒያኖ ነው" አለችኝ አክስቴ ወደ ቤት ስንሄድ።

በቋንቋቸው "ቀስ ብለሽ፣ ድምፁ ሳይጎላ" ማለቱ መሆኑን ያወቅነው ቆይቶ ነው።

ፒያኖው ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ያቺ የምታለቅሰው ላም በመጨረሻ ወደ እኛ እንደመጣች ገባኝና አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። ሰው በሌለበት ለጋ ሣር አጨድሁ፤ በቀዳዳዎቹ በጣቴ እየገፋሁ አበላኋት። ሣሩ ወደ ውስጥ ሲጠፋ "በላችው!" ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ቀን አከታትዬ አበላኋት።

መጀመሪያ የተዞረ ዕለት አመሻሽ ላይ አባባ እድሪስም መምሬ ተሰማም ማሳው ዳር መጥተው ነበር።

"ዘይነባ" አሉ መምሬ፣ "ይኸ ነገር ጤና ነው?"

"መምሬ፣ እርስዎ ብቻ ዞር ብለው ይቁሙልኝ።"

ጉማሬው ወጣ። ውኃው ከጀርባው እየወረደ፣ ቀጥ ብሎ ወደ በቆሎው መጣ። አክስቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ መዘውሩን ያዘችና በሙሉ ጉልበቷ አዞረችው። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ አልነበረም፤ ሣር ነበር። ከቀዳዳዎቹ ሁሉ የተከተፈ ሣር እየተፈናጠረ ወጥቶ የመምሬ ተሰማን ነጭ ጥምጥም አረንጓዴ አደረገው። "በስመ አብ!" ብለው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ድምፁ ከሆድ ተነሳ፤ አደገ፤ ማሳውን ሞላ፤ ሐይቁን ሞላ። ጉማሬው ቆመ። የተቀደደችው ጆሮው ብቻዋን ተንቀጠቀጠች። ያን የሚያህል ሥጋ እንዲያ ቶሎ ይዞራል ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ ደንገሉን እየጣሰ ሮጦ ውኃው ውስጥ ተወረወረ።

እኛ ሳቅን፣ ጨፈርን። መምሬ ሣሩን ከጥምጥማቸው እያራገፉ "እሰይ! እሰይ!" አሉ። ከካምፑ በኩል ጫጫታ መስማታችን አልቀረም። ነገር ግን እነሱም ከእኛ ጋር የሚደሰቱ መስሎን ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አስካሪ የሚባሉት የጣልያን ጥቁር ወታደሮች መጥተው አክስቴንም ፒያኖውንም ወሰዱ። እኔ ቀሚሷን ጨብጬ ተከተልሁ፤ ሊያስለቅቁኝ ቢሞክሩም አልለቀቅሁም። አባባ እድሪስ መምሬን ሊጠሩ ሮጡ።

የካምፑ አዛዥ ካፒቴኑ ግንባሩ ላይ ፋሻ ነበረው። ኋላ አስተርጓሚው እንደነገረን፣ ማታ ሳይረኑ ሲጮህ አውሮፕላን መጣ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ሲዘል ተፈንክቶ ነው። ወጥ ቤቱ የራት ምግቡን በሙሉ እሳቱ ላይ ደፍቶ፣ ካምፑ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ጾሙን አምሽቷል።

"ይኸ ምንድን ነው?" አላት በአስተርጓሚው።

"ፒያኖ ነው" አለች አክስቴ።

ይኸን መተርጎም አላስፈለገም። ካፒቴኑ ራሱ "ፒያኖ?" አለ።

"አዎ፣ ፒያኖ። የራስዎን ዕቃ ስም አያውቁትም?"

አስተርጓሚው ይኸኛውን ሳይተረጉም አለፈው።

"ማን ሰጠሽ?"

"ሐይቁ ዳር ወድቆ አገኘሁት።"

ቤፔ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። አክስቴ አንድ ጊዜም ወደሱ አላየችም። "ማን ሰጠሽ?" ተብላ እንደገና ተጠየቀች። "ወድቆ አገኘሁት አልሁ።" ካፒቴኑ ጠረጴዛውን መታ። ያኔ ቤፔ ወደ ፊት መጣና፣ ጣልያንኛው የጠፋበት ይመስል፣ በአማርኛ "እኔ" አለ። "እኔ ሰጠሁ።" ወዲያው ሁለት ሰዎች ይዘው አስወጡት።

የካፒቴኑ ጥርጣሬ ሌላ ነበር። በመራዊ በኩል ያሉትን አርበኞች ሽፍታ ይላቸው ነበርና፣ "ለሽፍቶቹ ምልክት እየሰጠሽ ነው" አላት። ይኸን ሲል መምሬ ተሰማና አባባ እድሪስ እያለከለኩ ገቡ።

"ጌታዬ" አሉ መምሬ፣ "ሽፍታ በአራት እግሩ መጥቶ በቆሎ ግጦ አይሄድም። ማሳው ሩቅ አይደለም፤ ይምጡና ዱካውን ይዩ።"

ካፒቴኑ ፋሻውን እየዳሰሰ አሰበ። ከዚያ ፈረደ፤ ዛሬ አመሻሽ ላይ ራሱ ያያል። ጉማሬው መጥቶ በዚህ ዕቃ ከተባረረ አክስቴ ትፈታለች። ካልመጣ ነገ በጀልባ ወደ ጎርጎራ፣ ከዚያም ጎንደር ወህኒ ቤት ትወርዳለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት "በጀልባ ወደ ጎርጎራ" የሚለውን ነው። በሞተር ጀልባ! "እኔንም! እኔንም ውሰዱኝ!" ብዬ ዘለልሁ። አክስቴ ራሴን ሆዷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እጁን ታስሮ በዚያ ጀልባ የሄደ ሰው ከመንደራችን አንድም እንዳልተመለሰ ማንም አልነገረኝም ነበር።

አመሻሽ ላይ ሁላችንም ማሳው ዳር ተሰበሰብን። ሁለት አስካሪዎች ፒያኖውን ተሸክመው መጡ። ለካፒቴኑ የሚታጠፍ ወንበር መጣለት፤ አንዱ ወታደር እግሩን ሳብ ሲያደርገው ቀጭን የነበረው እንጨት ወንበር ሆነ። አክስቴ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና እንኳ ጎንበስ ብላ ማጠፊያውን አየችና ለአስተርጓሚው በሹክሹክታ፣ "ሲታጠፍ ጨርቁ አይቀደድም?" አለችው። አስተርጓሚው "እትዬ፣ እባክዎን ስለ ነፍስዎ ያስቡ" አላት።

ፀሐይዋ ጠለቀች። ጉማሬው የለም።

አባባ እድሪስ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። የመምሬ ተሰማ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት መስሎኝ ጆሮዬን ባስጠጋ፣ "ና እንጅ አንተ ከይሲ፣ ሌላ ጊዜ ሳትጠራ ትመጣ የለ!" ይላሉ። ውኃው ዝም አለ። አንድ ወፍ ጮኸ፤ ሁላችንም ዘለልን። ፒያኖው ትናንት ሥራውን በጣም አሳምሮ ሠርቶ ኖሯል፤ ጉማሬው ወደ እኛ ዳር ድርሽ አላለም።

ካፒቴኑ ተነሳ። ወንበሩ ታጠፈ። አንዱ አስካሪ ወደ አክስቴ ቀረበና ክንዷን ያዘ።

በዚህ ጊዜ ከካምፑ ጩኸት ተሰማ። አንድ ወታደር ቁልቁል እየሮጠ፣ ኮፍያው ወድቆበት፣ እጁን እያወናጨፈ መጣ። የሚለውን አልሰማንም፤ ካፒቴኑ ግን ፊቱ ተለዋወጠና ሽቅብ ሮጠ። አስካሪውም አክስቴን እንደያዘ ሮጠ፤ እኔም አክስቴን እንደያዝሁ ሮጥሁ።

ካምፑ ከሐይቁ ዳር የአትክልት ቦታ ነበረው። ካፒቴኑ ራሱ ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚያጠጣው፣ ሰላጣና ዝኩኒ የተተከለበት። በዚያ ሰላጣ መሀል፣ በቆሎው የተከለከለው ጉማሬያችን ቆሟል! ግማሹን ጨርሶታል። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ዙሪያውን ይጯጯኻሉ፤ ከአትክልቱ ጀርባ የቤንዚን በርሜሎች ተደርድረው ስለነበር ግን የሚተኩስ የለም። አዲሱን ሳይረን እንዳያስጮኹት የመብራቱን ሞተር የሚያስነሳው ቤፔ ነው፤ ቤፔ ደግሞ ታስሯል።

ካፒቴኑ ወደ አክስቴ ዘወር አለ። እንደሚያሽከረክር ሰው እጁን በአየር ላይ እያዞረ "ፒያኖ! ፒያኖ!" ብሎ ጮኸባት። "ቀስ" ማለቱ እንዳልነበር እርግጠኛ ነኝ።

አስካሪዎቹ ፒያኖውን አምጥተው አስቀመጡ። አክስቴ ቀሚሷን ሸብ አደረገች፤ እግሯን አንፈራጠጠች፤ አዞረች። ድምፁ ተነሳ። ጉማሬው በአፉ የዝኩኒ ሐረግ እንደያዘ ቀና አለ። አክስቴ ወደፊት ልትቀርብ ብላ "ግፉልኝ!" አለች፤ አስካሪዎቹ ፒያኖውን ሲገፉ፣ እሷ እያዞረች፣ አባባ እድሪስና መምሬ ተሰማ ከኋላ "ሂድ! ሂድ!" እያሉ፣ እኔ ከሁሉም በላይ እየጮኽሁ፣ ወደ ጉማሬው ሄድን። ዞረና ሮጠ። አጥሩን ሰብሮ፣ የዝኩኒውን ሐረግ አንገቱ ላይ እንደ ጨሌ አስሮ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ካፒቴኑ የተረገጠውን ሰላጣ አየ፤ አክስቴን አየ፤ ፒያኖውን አየ። ፋሻው ዓይኑ ላይ ወርዶበት ነበር። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ሊቆጣ መስሎኝ ከአክስቴ ጀርባ ገባሁ። እሱ ግን ሳቀ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ እንባው እስኪወርድ።

"ተፈትታለች" አለ አስተርጓሚው። "ዕቃው ግን እዚህ ይቀራል።"

አክስቴ ትንፋሿ እንኳ ገና አልተመለሰም። "ዕቃው እዚህ ከቀረ ጉማሬው ወደኔ ይመጣል" አለች። "እኔ ዘንድ ከሆነ ደግሞ ወደሳቸው ይመጣል። ይልቅስ በሁለታችን መሀል ይቀመጥና እኔ ላዙረው። ሳላዞር በፊት ጣሳ እመታለሁ፤ ጣሳ የሰማ ጉድጓድ አይግባ። ደግሞ ዘይት ይፈልጋል። ዘይቱን የሚያውቀው ያ ያሰራችሁት ነው፤ እሱን ፍቱልኝ።"

መምሬ ተሰማ "ዘይነባ፣ በቃሽ" ብለው እጅጌዋን ጎተቱ። አስተርጓሚው ግን በዚህ ጊዜ ሁሉንም ተረጎመው። ካፒቴኑ ወደ እስር ቤቱ ቁልፍ ያዥ ዞሮ አንድ ቃል ተናገረ። ቤፔ እየተንጠራራ ወጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ራሱ አልነበረም፤ ፒያኖውን አገላብጦ አየና ከሆዱ የተረፈ ሣር መዝዞ አወጣ። ሣሩን ወደ ብርሃን አድርጎ እያየ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከዚህ ብረት ውስጥ ሣር እንዴት እንደበቀለ ለካፒቴኑ ማስረዳት ጀመረ። እኔ ወደ ሐይቁ አየሁ።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ክረምቱ አለፈ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጣሳ ይመታል፤ ከዚያ ፒያኖ ይጮኻል። ወታደሮቹ ራታቸውን ሳይደፉ ይበላሉ። የመንደሩ ሴቶች "ዘይነባ ጣልያንን በጣሳ ታዝዛለች" እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም በዓለም ላይ አክስቴን የሚያስፈራት ነገር አለ ብዬ አላምንም ነበር።

መስከረም ላይ እሸቱ ደረሰ። ማሳው ዳር እሳት አንድደን ተቀመጥን፤ መምሬ ተሰማ የሳቸውን ድርሻ፣ እኛም የእኛን እየጠበስን። አባባ እድሪስ ጥርሳቸው ስላለቀ አክስቴ ፍሬውን እየፈለፈለች በመዳፏ ትሰጣቸዋለች። ይኸኔ ሁለት አስካሪዎች በመንገዱ መጡ። "እንደምን አመሻችሁ" ብለውን አለፉ። ሲያልፉ ፍሬው ከአክስቴ መዳፍ ላይ እየተንጠባጠበ ወደቀ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አክስቴ፣ እጅሽ ምን ሆነ?"

አባባም መምሬም ወደ እሳቱ አቀረቀሩ።

"ፒያኖው ነው ልጄ" አለችኝ። "ብዙ ጊዜ ሳዞረው ከርሜ መንቀጥቀጡ እጄ ላይ ቀረ።"

አመንኋት። ለምን አላምናት? የፒያኖው መንቀጥቀጥ እስኪወጣላት ብዬ እጇን በሁለት እጄ መሀል፣ ጫጩት እንደሚይዙት አድርጌ ያዝሁላት። እሷም እጇን ሳትነጥቀኝ ተወችልኝ፤ በሌላኛው እጇ እሸቱ እንዳያርርብን ታገላብጥ ነበር።